የተጠራው ስም

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ በባሕር ዳር የምኖር የ27 ዓመት መምህርት ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ልብ ወለድ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ በባጃጅ እየተዘዋወረ፣ ፖሊስ ምክንያታቸውን ያላገኘላቸውን ሞቶች የሚመረምር አጥማቂ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ የታመመችው ልጅ ጠበል ሲረጭባት መንፈሱ ይለፈልፍና የገዳዩን ስም ይናገራል፤ እሱም የሰፈሩ ቀጥቃጭ ሆኖ ይገኛል። ሞጣ የሚኖሩት መሪጌታ አባቴ ግን ረቂቁን አንብበው «ልጄ፣ ይህ መጫወቻ አይደለም» ብለው ደብተሩን መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍኩም። አባቴን ላሳዝን ወይስ ሥራዬን ልተው?

መልስ፦ እህቴ፣ ረቂቅሽን ባላየውም፣ በነገርሽኝ ልክ ስፈርድ፣ አባትሽን ያሳዘናቸው ቀጥቃጩ ይመስለኛል። ሕመምተኛ ሲለፈልፍ «ማን በላህ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ልማድ ስንቱን ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔና ቆዳ ፋቂ በቡዳነት አስጠርጥሮ ከጎረቤቱ እንዳራቀው አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ ባደግሁበት የምሥራቅ ጎጃም ገጠር አንዲት ልጅ ታማ የሸክላ ሠሪዋን ስም ስትጠራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በማግስቱ የቅዳሜ ገበያ፣ ሴትዮዋ ጀበናና ምጣድ የምትደረድርበት ቦታ ላይ ገለባው ብቻ ቀርቶ ነበር። ልጅቷ ዳነች፤ ሴትዮዋ ግን ወደዚያ ገበያ ዳግመኛ አልመጣችም። ይህ ፍርድ በልብ ወለድም ቢሆን እንዲደገም አልፈልግም።

ለምሥጢር ታሪክም ቢሆን ደካማ መቋጫ ነው። በዮሐንስ ወንጌል 8፥44 ዲያብሎስ ሐሰተኛ፣ የሐሰትም አባት ተብሏል፤ ይህን ዘወትር የሚያነብ አጥማቂ የጋኔንን ቃል እንዴት ማስረጃ አድርጎ ይቀበላል? መርማሪሽ ስሙ ከተጠራበት ሰዓት ጀምሮ ይጠራጠር፤ ልጅቷ ያንን ስም ቀድሞ ከማን አፍ ስትሰማ እንደኖረች ቤተሰቡን ይጠይቅ።

ማስረጃውን አባትሽ ከሚያውቁት ዓለም ውሰጂ። የክታብ ብራና በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጅበት ልማድ አለ፤ በጸሎቱም መካከል የክርስትና ስሙ ይገባል፤ ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲያልፍ ደግሞ የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል። እንግዲህ ከሟቹ አንገት የወረደው ክታብ ከቆዳ ማኅደሩ ወጥቶ ሲዘረጋ ከሟቹ ቁመት በአንድ ስንዝር ቢረዝም፣ ስሙ ያለበትም ቦታ ተፍቆ የሳሳ ሆኖ ቢገኝ፣ መርማሪሽ ወዴት እንደሚሄድ አስቢው። በእነዚሁ ክታቦች ላይ የሚጻፈው የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ ራሱ የፍለጋ ታሪክ ነው፤ ልጁን የገደለችበትን ወርዝልያ የተባለች ጋኔን ለማግኘት ጦሩን ይዞ በፈረስ ሲወጣ፣ መንገድ ዳር የተቀመጠችን አሮጊት ወዴት እንደሄደች ይጠይቃል። (ልጅ ሳለሁ ይህን ታሪክ የሰማሁበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።)

ስለዚህ ሥራሽን አትተዪው፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ግን ቅደጂው። ደብተሩን ይዘሽ ሞጣ ውረጂና፣ ፈቃድ ከመለመንሽ በፊት፣ ስም የተፋቀበት ብራና በብርሃን ሲታይ ምን እንደሚያሳይ አባትሽን ጠይቂያቸው። ሲመልሱልሽ እርሳስሽን ያዢ።