ስም ለማውጣት አትቸኩሉ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገሬ ሰው። የፈንገስን ስም ግን የሚያወጣው እንደ እናንተው ያለ፣ ወገቡን እስኪያመው ማይክሮስኮፕ ላይ የተደፋ ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይቸኩላል።

ይህን የምጽፈው በዕፅዋት በሽታ ሙያ አዲስ ለገባችሁ ልጆች ነው። ብዙዎቻችሁ ላብራቶሪ በገባችሁ በወሩ "ጋሼ፣ ይሄ አዲስ ዝርያ አይመስልዎትም?" ትሉኛላችሁ። ጉጉታችሁ ደስ ይለኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ናሙናውን የት እንዳስቀመጣችሁት ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ልውሰዳችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ያኔ የፈንገስ ስም እንደ አሸን የፈላበት ዘመን ነበር። በጣሊያን አገር፣ ፓዶቫ ከተማ፣ ፒየር አንድሬያ ሳካርዶ የሚባል ፕሮፌሰር በዓለም ላይ ስም የወጣለትን ፈንገስ ሁሉ በላቲን እየሰበሰበ ያትም ነበር። በ1882 ጀመረ። በ1920 ሲሞት ሥራው ስላላለቀ ሌሎች ቀጠሉት፤ 25ኛው ጥራዝ የወጣው በ1931 ነው። አመዳደቡ ቀላል ነበር። ስፖሩን፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባበትን ደቃቅ ዘር መሰል ነገር፣ ያያል። ቀለም አለው ወይስ የለውም? ውስጡ የሚከፍለው ግድግዳ አለ? ካለስ አንድ ነው ወይስ ብዙ? ድቡልቡል ነው ወይስ የቀጠነ? በዚህ ብቻ ፈንገሱ ቦታውን ያገኛል። ዝምድናን አያሳይም። ምንም የማይገናኙ ፈንገሶች ስፖራቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ግን ይሠራል። እኔም የተማርኩት በዚሁ ነው፤ ዛሬም ማይክሮስኮፕ ሥር አዲስ ነገር ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ችግር ያመጣው ሌላ ልማድ ነው። ብዙዎች ፈንገሱን ባገኙበት ተክል ይሰይሙት ነበር። አዲስ ተክል ላይ ከተገኘ አዲስ ስም ይወጣለታል። ያው የድሮው ይሁን አይሁን የሚያጣራ ጥቂት ነው። ኮሌቶትሪከምን ታውቁታላችሁ፤ ማንጎና ፓፓያ ላይ ጥቁር ጠባሳ የሚያወጣው ነው። በ1957 ፎን አርክስ የተባለ ተመራማሪ ቁጭ ብሎ ሲያጣራ ወደ 750 የሚጠጉ ስሞችን 11 ላይ አወረዳቸው። በኋላ የዘረመል ጥናት ሲመጣ ደግሞ እሱም አብዝቶ እንደቀነሰ ታየ።

በዚህ ሁሉ ስም ጋጋታ ደሙ የፈላ አንድ አሜሪካዊ ነበር። ከርቲስ ጌትስ ሎይድ ይባላል፣ የሲንሲናቲ ሰው ነው። ከወንድሞቹ ጋር የመድኃኒት ፋብሪካ ስለነበረው ገንዘብ አልቸገረውም፤ ያንን ገንዘብ እንጉዳይ ላይ አፈሰሰው። ሎይድን ያናደደው ከፈንገሱ ስም ኋላ የሚለጠፈው የሰው ስም ነው። እንደምታውቁት ዝርያ የሰየመ ሰው ስሙ ከኋላ ይጻፍለታል። ሎይድ ይህ የራስ ማስታወቂያ ነው አለ። አዲስ ዝርያ የሚበዛው ሰዎች ስማቸው ታትሞ ማየት ስለሚወዱ ነው ብሎ ያምን ነበር። ዝም ብሎም አልቀረም። በራሱ ወጪ በሚያሳትመው ጽሑፍ ላይ ፕሮፌሰር ማክጊንቲ የሚባል የሌለ ሰው ፈጠረና ስም አውጪዎቹን በሱ አሾፈባቸው። በ1922 ደግሞ በቁሙ የራሱን የመቃብር ሐውልት ኬንታኪ ውስጥ አስተከለ። ይህን ሐውልት ራሱ ለራሱ፣ ለከንቱ ውዳሴው ሲል በሕይወቱ ሳለ እንዳቆመው አስቀርጾበታል። ነገረኛ ሰው ነበር መሰለኝ።

በሐሳቡ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የሰየመው ሰው ስም ባይጻፍ ኖሮ የትኛውን መጽሐፍ ገልጠን፣ የማንን ናሙና እንደምንፈልግ አናውቅም ነበር። ደግሞም ሎይድ ራሱ ስም ከማውጣት አልቦዘነም። ሆኖም 59 ሺህ ያህል የደረቁ ናሙናዎች ሰብስቦ ትቶ ሄደ። ዛሬ ሜሪላንድ፣ ቤልትስቪል፣ በአሜሪካ መንግሥት የፈንገስ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ከሱ ጋር ተጣልቶ የኖረ ባለሙያ ተማሪ እንኳ ሄዶ ከፍቶ ሊያያቸው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልምጣ። በ1904 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ በብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ፣ ቼስትነት የሚባሉት ግዙፍ ዛፎች መድረቅ ጀመሩ። ቅርፊቱ መጀመሪያ ትንሽ ይሰረጉዳል። ቀጥሎ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያወጣል። እርጥበት ሲያገኝ ከነጠብጣቡ ቢጫ፣ ጥምዝምዝ ያለ ቀጭን ነገር ተስቦ ይወጣል፤ እሱ ሙሉ በሙሉ ስፖር ነው። ቁስሉ ግንዱን ዞሮ ሲገጥም ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ይሞታል። ጎረቤት ባለው የዕፅዋት ተቋም ይሠራ የነበረው ዊልያም መሪል ፈንገሱን አሳደገ፣ ጤነኛ ተክል ላይ አስገብቶ በሽታውን አስነሣ። በ1906 አዲስ ዝርያ ነው ብሎ ዲያፖርቴ ፓራሲቲካ አለው።

ከዚህ በኋላ ጭቅጭቅ ሆነ። የሃርቫርዱ ፋርሎ ቀድሞ ከሚታወቅ ወገን ጋር ያቀራርበው ነበር። የኮኔቲከቱ ክሊንተን ደግሞ ይህ እዚሁ የነበረ ደካማ ፈንገስ ነው፤ ዛፎቹን ያደከማቸው ድርቅና የክረምት ውርጭ ነው አለ። ሌሎች የለም፣ ከውጭ የመጣ ነው አሉ። ነገሩ የወረቀት ክርክር እንዳይመስላችሁ። የአገር ቤት ፈንገስ ከሆነ ዝናቡ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። መጤ ከሆነ ግን ዛፍ መቁረጥ፣ ማቃጠል፣ ወደብ መዝጋት ይመጣል። ፔንሲልቫኒያ በ1911 ኮሚሽን አቋቁማ 275 ሺህ ዶላር መድባ ወደ መቁረጡ ገባች። ኮሚሽኑ ሁለት ዓመት ሠርቶ ተዘጋ። ክሊንተን ሞኝ አልነበረም፤ ድርቁም በእርግጥ ነበር። የጎደለው ከሌላ አገር የመጣ ማስረጃ ነው።

ያ ማስረጃ በ1913 መጣ። ፍራንክ ሜየር የተባለ የአሜሪካ መንግሥት ዕፅዋት ሰብሳቢ ቻይና ውስጥ ነበር። የቼስትነት በሽታውን እዚያ እንዲፈልግ ተጠየቀ። አገኘው፤ ቁስል ያለበትን ቅርፊት ቆርጦ ወደ ዋሽንግተን ላከ። የቻይናዎቹ ዛፎች ጠባሳ ቢኖርባቸውም እንደ አሜሪካኖቹ አልሞቱም። ሺርና ስቲቨንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከቅርፊቱ ፈንገሱን አውጥተው አሳደጉ፣ ከአሜሪካው ጋር አስተያዩ፣ የአሜሪካ ዛፍ ላይም ሞከሩት። ያው ራሱ ሆነ። ክርክሩን የዘጋው በፖስታ የመጣ ቁራጭ ቅርፊት ነው። ለዛፎቹ ግን ረፍዶ ነበር፤ በቢሊዮን የሚቆጠሩ አለቁ።

ስሙም አላረፈም። በ1912 አንደርሰን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኤንዶቲያ ወደሚባለው ወገን አዛወሩት፤ በ1978 ደግሞ ክሪፎኔክትሪያ ተባለ። ፓራሲቲካ የሚለው የመሪል ቃል ብቻ እስከዛሬ አብሮት አለ።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ከመሰላችሁ ቡናችንን ልንገራችሁ። በ1901 ኖአክ የተባለ ባለሙያ ከብራዚል ቡና ላይ ያገኘውን ፈንገስ ኮሌቶትሪከም ኮፊያነም ብሎ ሰየመው። በ1922 ኬንያ ውስጥ ገና አረንጓዴ የሆነ የቡና ፍሬ እየጠቆረ መርገፍ ጀመረ። በማይክሮስኮፕ ስፖሩ ይመሳሰላል፣ ተክሉም ያው ቡና ነው። ስለዚህ የብራዚሉን ስም ለኬንያው ሰጡት። የብራዚሉ ግን አረንጓዴ ፍሬ አይገድልም። ይህ አረንጓዴ ፍሬ የሚገድለው፣ እኛ ሲቢዲ የምንለው በሽታ ብራዚል ውስጥ እስካሁን የለም። አንድ ስም ጉዳቱ ቀላል የሆነውንም አጥፊውንም ለአሥርተ ዓመታት ተሸክሞ ኖረ። ወደብ ላይ የቆመ ተቆጣጣሪ "ይህ ፈንገስ እኛም ጋ አለ" ቢባል በምን ይከለክላል? በ1971 በሽታው እኛ ዘንድ ደረሰ። አጥፊው ኮሌቶትሪከም ካሃዌ የሚል የራሱን ስም ያገኘው በ1993 ነው።

ጅማ የነበሩት ባለሙያዎች ስሙ እስኪጠራ አልጠበቁም፤ ደግ አደረጉ። በሽታው ከመታው ቡና መካከል የቆሙትን ዛፎች እየመረጡ፣ እያጣሩ ሄዱ። 74110 እና 74112 የምንላቸው ዝርያዎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው። መጀመሪያ ያሉት ሁለት አሃዞች የተመረጡበትን 1974ን ያመለክታሉ። ቡና ገዢው ሁሉ ዛሬም በቁጥራቸው ነው የሚጠራቸው።

የስም አወጣጥ ደንቡን በተመለከተ ባጭሩ። በ1910 ብራስልስ ላይ የፈንገስ ስም ከየትኞቹ መጻሕፍት ጀምሮ እንደሚቆጠር ተወሰነ፤ ለዋግና ለአረማሞ የፐርሶን የ1801 መጽሐፍ፣ ለአብዛኞቹ ሌሎች የፍሪስ ከ1821 የጀመረው። አሜሪካኖቹ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው፤ ስም በአንድ የተቀመጠ ናሙና ላይ ይታሰር ይሉ ነበር። በ1930 ካምብሪጅ ላይ ታረቁ፣ የናሙናው ነገርም ገባ። የመነሻዎቹ መጻሕፍት ጉዳይ ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል። ናሙናው ግን እንደጸና ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ መስክ ስትወጡ ወረቀት ያዙ። ናሙና በፌስታል አትቋጥሩ፤ ያልበውና ሌላ ሻጋታ ይወርሰዋል። በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ቀስ ብላችሁ አድርቁት፣ ከዚያ በወረቀት ፖስታ አኑሩት። በእርሳስ ጻፉበት፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውኃ ሲነካው ይሮጣል። ቀበሌውን፣ ከፍታውን፣ ተክሉን፣ ቅጠል ይሁን ፍሬ ይሁን ልጥ፣ ቀኑን፣ የሰበሰበውን ሰው ስም። ትኩስ ሳለ የነበረውን ቀለም አትርሱ፤ ሲደርቅ ይጠፋል። ከተቻለ ሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ አንዱ ከናንተ ተቋም ውጭ ይሁን። የስሙን ቦታ "ኮሌቶትሪከም፣ ዝርያው ያልታወቀ" ብላችሁ ብትተዉት ማንም አይስቅባችሁም። እኔ መሳቢያ ውስጥ እንዲህ የሚሉ ፖስታዎች ሞልተዋል፤ የፈለገ መጥቶ ይይ።