«የክፍል መምህር ማን ይሰማል?» ላልሽኝ

ከአዘዞ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት አስተምረሻል። ሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ። ግን «የሚቀርጹት አዲስ አበባ ያሉ ዶክተሮች ናቸው፤ የክፍል መምህር ማን ይሰማል? ማስተማሩን ትቼ ማስተርሴን ልያዝ?» ብለሻል። አባትሽ ደግሞ ባንክ ግቢ እያሉ ነጋ ጠባ ይጨቀጭቁሻል።

ከባንኩ ልጀምር፣ ቶሎ እንዲያልቅ። የመምህር ደመወዝ ከኪራይ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ አባትሽ እዚህ ላይ አልተሳሳቱም። ታናናሾችሽን የምትረጂው አንቺ ከሆንሽ ቁጭ ብለሽ አስዪው። ጭንቀታቸው «ሰው ምን ይለናል» ከሆነ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሰው አፍ ደመወዝ አይከፍልም።

አሁን ወደ ዋናው። ማስተማሩን አትተዪ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ «ሴክተር ሪቪው» የተባለ ትልቅ የትምህርት ጥናት ነበር። የአገር ውስጥም የውጭም አዋቂ ተሳትፎበታል። ትምህርቱ ከገጠሩ ኑሮ ጋር ይገናኝ ይላል፤ ይህን ማን ይጠላል? ለብዙኃኑ ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ማቀዱ ሲሰማ ግን መምህሩና ወላጁ «የደሃ ልጅ እዚያው ይቁም ማለት ነው» አሉ። በቅጡ ያወያያቸው አልነበረም። የካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። መጀመሪያ ያልተጠየቀ መምህር መጨረሻ ላይ ሳይጠየቅ ይመልሳል።

ዶክተሮቹ አያስፈልጉም አልልም። ግን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል ጄኔራል ሳይንስ ነው፤ ልጆቹ ኬሚስትሪን ለብቻው የሚያገኙት 9ኛ ላይ፣ አንቺ ጋ ነው። በደብዳቤሽ እንደነገርሽኝ፣ አሲድና ቤዝ የሚለየው ሊትመስ ወረቀት አልነበረሽም። እርድ በጥብጠሽ ወረቀት ነከርሽበት፣ አደረቅሽው። የሳሙና ውሃ ጠብ ሲልበት ቀላ፤ ሎሚ ሲነካው ቢጫነቱን አልለቀቀም። ከኋላ የሚቀመጠው ዝምተኛ ልጅ «የእናቴ ነጠላ ላይ አልጫ ፈሶ በሳሙና ስታጥበው የሚቀላው ለዚህ ነው?» አለሽ። እህቴ፣ ሥርዓተ ትምህርት መቅረጽ እኮ ይኸው ነው! አንቺ እንደ ዋዛ በአንድ መስመር አልፈሽዋል።

ስለዚህ ማስተርሱን በክረምት መርሐ ግብር ተማሪ። መስከረም ላይ ወደ ክፍልሽ ተመለሺ። (እኔም ለብዙ ዓመት ቾክ ይዤ ስለኖርኩ ባዳላ አትፍረጂብኝ።) ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ በየምዕራፉ ልጆቹ የት እንደተደናቀፉ፣ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደበላብሽ፣ ምኑን በምን እንደተካሽ ጻፊ። ለዲፓርትመንት ኃላፊሽ በጽሑፍ ስጪ፤ ግልባጩን አስቀሪ። መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ወይም የሚገመግም መምህር ሲፈለግ ባዶ እጅሽን አትቀርቢም።

አዲስ አበባ ልዛወር ያልሽውን ግን ለጊዜው ተዪው። የአዘዞ ኪራይ እንዲህ ካማረረሽ የቦሌው ምን ሊያደርግሽ ነው?