መልስ፦ እያለቀሱ መጸለይ እምነት ማጣት ነው?

እህቴ፣ እናትሽ ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው፤ «ስጸልይ እንባዬ ይቀድመኛል፣ እምነቴ ደክሞ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም።

ሐናን አስቢያት። 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ላይ ልጅ በማጣቷ አምርራ እያለቀሰች ስትጸልይ፣ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። እሷ ግን ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት እያፈሰሰች ነበር። ሕመሟን አሳምራ አላቀረበችም። ደግሞ ልብ በይ፣ ፊቷ የተፈታው ልጁን ስታቅፍ ሳይሆን ዔሊ መርቆ ሲያሰናብታት ነው። ገና በእጇ ምንም አልነበረም። መታመን ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

እኔም አባቴን ያጣሁ ጊዜ ሰው ሁሉ «በርታ» ሲለኝ እንባዬን ዋጥኩ። ጸሎቴም አብሮ ደረቀ። የተመለሰልኝ አንድ ማታ «ጌታ ሆይ፣ ከፍቶኛል» ብዬ እንደ ልጅ ስነግረው ነው።

መዝሙር 87ን (በሌላው ቆጠራ 88) ጮክ ብለሽ አንብቢው። በጨለማ ነው የሚያልቀው፤ ግን ጸሎት ነው። ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ አትፈሪ። ኤልያስ ልሙት ብሎ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሲተኛ፣ መልአኩ መጀመሪያ ያለው «ተነሥተህ ብላ» ነው።