«ጓደኛ አይደለንም» ሲላት ተጣልተው ነው?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ የኮሪያ ዌብቱን (በኢንተርኔት በክፍል በክፍል የሚወጣ የሥዕል ታሪክ) ከሚከታተሉ፣ አንዳንዶቹም ክፍሎቹን ለወዳጆቻቸው ወደ አማርኛ ከሚመልሱ ወጣቶች የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ አንዲት ገጸ ባሕርይ ገና ሁለተኛ ደረጃ መግባቷ ነው። አንዱ ትርጉም 17 ዓመቷ ነው ይላል፣ ሌላው 15። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም። በኮሪያ ልማድ ሕፃን እንደተወለደ 1 ዓመት ይባላል። ከዚያ በኋላ አንድ የሚጨመርለት በልደቱ ቀን ሳይሆን በየጃንዋሪ 1 ነው። ስለዚህ ዲሴምበር 31 የተወለደ ሕፃን በማግስቱ «ሁለት ዓመቱ» ይሆናል። ስሌቱ፦ ከያዝነው ዓመት ላይ የልደት ዓመቱን ቀንሱ፣ 1 ጨምሩ።

ኖቬምበር 2005 የተወለደች ልጅ እንውሰድ። የኮሪያ ትምህርት ማርች ላይ ስለሚጀምር ሁለተኛ ደረጃ የምትገባው ማርች 2021 ነው። በእነሱ ቆጠራ 17 ናት። በእኛ አነጋገር ግን 15 ሞልቷት 16ኛውን ይዛለች። አማርኛ «ሞላት» እና «ያዘች» ብሎ ይለያልና ተርጓሚው በዚህ ይጠቀም፤ «15 ዓመት ሞልቷታል» የሚል አንባቢን አያሳስትም። «17 ዓመቷ ነው» ብሎ መተው ግን ልጅቷን ሳያስቡት በሁለት ዓመት ማስረጀት ነው።

የኮሪያ ሁለተኛ ደረጃ ሦስት ዓመት ነው፤ በልማዱ ቆጠራ 17፣ 18 እና 19 ማለት ነው። ክፍሉን ካወቃችሁ ዕድሜውን አወቃችሁ። ከጁን 28 ቀን 2023 ጀምሮ በሕግ የሚሠራበት የሞላው ዕድሜ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሣሉት ክፍሎች ግን በአሮጌው ቆጠራ እንደተጻፉ አሉ። በዘመን መለወጫ እኩለ ሌሊት ጓደኛሞች ተንጋግተው መጠጥ ቤት የሚገቡበትን ትዕይንት አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው፦ መጠጥ የሚፈቀደው 19 ዓመት ከሚሞላበት ዓመት ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነውና በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይፈቀድላቸዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የልደት ዓመቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጣችሁ የያዝነውን ዓመት በፈረንጅ ከተዋችሁት፣ ከላይ ያለችው ልጅ በኮሪያ ቆጠራ የ24 ዓመት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሆና ትወጣለች። ይህን ስሕተት ብዙ ጊዜ አይተናል።

ጥያቄ፦ ልጁ «እኔና አንቺ ጓደኛ አይደለንም» ይላታል፤ በሚቀጥለው ሥዕል አብረው ይበላሉ። ታዲያ ምን ማለቱ ነው?

መልስ፦ አልተጣሉም። ቃሉ «ቺንጉ» ነው። መዝገበ ቃላት «ጓደኛ» ይለዋል፤ በተማሪዎች አፍ ግን ዋናው ፍሬው የዕድሜ እኩያነት ነው። በአንድ ዓመት የተወለዱ ልጆች ቺንጉ ናቸው፤ የቱንም ያህል ቢዋደዱ አንድ ዓመት የሚበልጥ ቺንጉ አይደለም። ስለዚህ ልጁ ያለው «እኩያሽ አይደለሁም» ነው፣ ምናልባትም «ታላቅሽ ነኝ፣ እንደዚያ አትጥሪኝ» የሚል ቁጣ አለበት። አማርኛው «እኩያ» የሚል ጥሩ ቃል እያለው ሰው ለምን «ጓደኛ» ላይ እንደሚጣበቅ አይገባንም። «ጓደኛ» የሚሠራው ዕድሜ የማይነሣበት ቦታ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «ትሩ ቢዩቲ» በተባለው ዌብቱን ታላቅ እኅትየዋን አንዱ «ኦኒ»፣ ሌላው «ኑና» ይላታል። ሁለት ስም አላት?

መልስ፦ ስሟ ሂግዮንግ ነው፤ ሁለቱም መጠሪያዎች ናቸው። ሴት ልጅ ታላቅ እኅቷን «ኦኒ»፣ ታላቅ ወንድሟን «ኦፓ» ትላለች። ወንድ ልጅ ደግሞ ታላቅ እኅቱን «ኑና»፣ ታላቅ ወንድሙን «ህዮንግ» ይላል። ስለዚህ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጁግዮንግ «ኦኒ» ስትል ታናሽየው ጁዮንግ ያችኑ ሴት «ኑና» ይላታል። እኛ «አንተ» እና «አንቺ» የምንለው የሚሰማውን ጾታ አይተን ነው፤ እነዚህ ቃላት ግን የተናጋሪውንም ይናገራሉ። ፊቱ ያልታየ ሰው «ህዮንግ» ካለ ወንድ መሆኑን አውቃችኋል ማለት ነው።

ለሥጋ ዘመድ «እትዬ» እና «ወንድም ጋሼ» ጥሩ ይሄዳሉ፣ ትንሽ የድሮ ሽታ ቢኖራቸውም። ችግሩ ያለው ሴት ልጅ ፍቅረኛዋን «ኦፓ» ስትለው ነው። «ወንድሜ» ካላችሁ ፍቅሩ ሞተ፤ «ጋሼ» ካላችሁ ልጁ ሽበት አወጣ። እኛ የምንመክረው «ኦፓ»ን እንዳለ መተው፣ መጀመሪያ በሚመጣበት ቦታ ከሥዕሉ ግርጌ በአንድ መስመር ማስረዳት፣ ከዚያ ወዲያ አለመንካት ነው። «ሰንቤ» ግን ሌላ ነው፤ በክፍል የሚቀድም ተማሪ ማለት ሲሆን ታሪኩ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሆነ «ሲኒየር» ይተካዋል።

ጥያቄ፦ የዚሁ ዌብቱን ርእስ በኮሪያኛ ሌላ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። ከ2018 ጀምሮ በኮሪያው ድረ ገጽ በኔቨር የወጣው የሠዓሊዋ የያኦንጊ ሥራ በኮሪያኛ «የሺን ጋንግኒም» ይባላል። «የሺን» ሴት አምላክ፣ «ጋንግኒም» ደግሞ ከሰማይ መውረድ ነው። በወጣቶች ቋንቋ «የሺን» እጅግ ቆንጆ ሴት ለማለትም ይውላል። ስለዚህ ርእሱ ልጅቷ ሜካፕ ተቀብታ ክፍል ስትገባ «አምላክቷ ወረደች» እያለ ይቀልዳል። የእንግሊዝኛው «ትሩ ቢዩቲ»፣ «እውነተኛ ውበት»፣ ቀልዱን ጥሎ ጥያቄ አነሣ፦ እውነተኛው የትኛው ፊት ነው? ሁለቱም ይሠራሉ፤ እኛ የኮሪያኛውን ፌዝ እንመርጣለን። እግረ መንገዳችንን፦ «ሴንጎል» ቃል በቃል «ጥሬ ፊት» ነው። አማርኛው ላይ «ጥሬ» ሥጋ ያስመስላታል፤ «ያለ ሜካፕ» በሉ።

ጥያቄ፦ «አንቱታውን እንተው» ተባብለው የታሪኩን አንድ ክፍል ሙሉ ሲያፍሩ አየሁ። እንዴት ልመልሰው?

መልስ፦ ኮሪያኛው «ማል ኖቻ» ነው፤ የአክብሮቱን አነጋገር ትተን በቀላሉ እናውራ ማለት። ወጥመዱ ከዚያ በፊት የሚነጋገሩትን በሙሉ በ«እርስዎ» መመለስ ነው። አማርኛ ተናጋሪ የ16 ዓመት ልጅ የክፍል ጓደኛውን «እርስዎ» አይልም፤ ቢል ሹፈት ነው። «እርስዎ»ን ለመምህርና ለወላጅ አስቀምጡት። በልጆቹ መካከል ርቀቱን በሌላ መንገድ አሳዩ፦ ሙሉ ስም ያስጠሩ፣ «ይቅርታ» እና «እባክህ» ያብዙ፣ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ያስጨርሱ። ያቺ ቅጽበት ስትደርስ «ከእንግዲህ በስሜ ብቻ ጥሪኝ» በቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቁልምጫውና ቁርጥራጭ አነጋገሩ ይግባ። ለውጡ ካልታየ ግን ማፈራቸው ለአንባቢ ትርጉም አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ስም የለሽ መልእክት የምትልከው ገጸ ባሕርይ መጨረሻ ላይ ሴት ሆና ተገኘች። እኔ ግን ከመጀመሪያው «ላከ» እያልኩ መጣሁ። ሌላ መንገድ ነበረኝ?

መልስ፦ ነበረሽ። የኮሪያኛ ግስ ጾታ አይለይም፤ የእኛ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ግን ግድ ይለናል። «ማን ላከው?» ስንል እንኳ አንባቢ ወንድ ያስባል። ሦስት መውጫ አለ። መልእክቱን ራሱን ባለቤት አድርጊው፦ «መልእክቱ የመጣው ከየት ነው?» ወይም በብዙ ቁጥር፦ «እነማን ናቸው እንዲህ የሚጽፉት?» ካልሆነም ተደራጊውን፦ «ማታ የተላከው»። ላኪዋ በራሷ አንደበት ስትጽፍ ግን ነፃ ነሽ፤ «አየሁሽ» የሚለው ቃል ያየው ማን እንደሆነ አይናገርም። የሚነገርላትን ግን ሴት መሆኗን ይገልጣል፤ ተቀባይዋም የተደበቀች ከሆነች ያንንም ጠብቂ።

ጥያቄ፦ ሁለቱም «እናታችን» ይላሉ። ወንድምና እኅት ናቸው እንዴ?

መልስ፦ አይደሉም። ኮሪያውያን «ኡሪ ኦማ»፣ «እናታችን»፣ የሚሉት ብቸኛ ልጅ ቢሆኑም ነው። እኛም ብቻውን የሚኖር ሰው «ቤታችን» ሲል አንገረምም። «እናቴ» ብላችሁ መልሱት።