መልስ፦ ልጁን አሁን አትልቀቁት

ወንድሜ፣ ሐዋሳ ያለው የቅርጫት ኳስ ቡድናችሁ ጎበዝ ግን አስቸጋሪ የሆነውን የ19 ዓመት ልጅ በሁለት ልምድ ባላቸው ተጫዋቾች ይቀይረው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ አይቀይረው ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ዘንድሮ።

በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ የተጫወተውን ክሪስ ዌበርን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1994 ምርጥ ጀማሪ ተብሎ በተሸለመበት ዓመት፣ ከአሰልጣኙ ከዶን ኔልሰን ጋር ስላልተግባባ ክለቡ ጎልደን ስቴት ለሌላው ክለብ ለዋሽንግተን አሳልፎ ሰጠው። ጎልደን ስቴት ከዚያ እስከ 2007 ድረስ ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) አላየም! ዋሽንግተንም በ1998 ለሳክራሜንቶ ለቀቀው። ሳክራሜንቶ ታገሰውና በ2002 የሊጉ የምዕራብ ምድብ ፍጻሜ ደረሰ።

ልጃችሁ ልምምድ ያረፍዳል፣ ሲቀየር ፎጣ ወርውሮ ይቀመጣል አልክ። ያበሽቃል፣ እውነት ነው። ግን በዚህ ዕድሜ የሚታረም ነገር ነው። ያረፈደ ሳምንት ከቋሚ አምስቱ ይውጣ፣ የዋንጫ ጨዋታም ቢሆን። አንዴ አይታችሁ እንዳላየ ካለፋችሁ አለቀ። ከታላላቆቹ አንዱ ደግሞ እንደ ወንድም ይያዘው። ከልምምድ በኋላ ሐይቁ ዳር አሳ እየበሉ የሚነገር ምክር ከአሰልጣኝ ጩኸት የበለጠ ይሰማል።

በጓደኞቹ ላይ እጁን ካነሳ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ሳትውሉ ሳታድሩ ሸኙት።