ለቤት የሚሆን ፊልም፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ድሬ ላይ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ካሴት ነበር የማከራየው። ዲቪዲ መጣና ካሴቱ ቀረ፤ አሁን ደግሞ ሁሉም ነገር ፍላሽ ላይ ሆኗል። ሱቁን ብዘጋም ፊልም መምረጥ አልተውኩም። ሰሞኑን ወላጆች "ከልጆቼ ጋር የማየው ፊልም ቤት ላስቀምጥ፣ ምን ልያዝ?" እያሉ ስለበዙብኝ ዛሬ ለሁሉም ልመልስ ተቀምጫለሁ። ጠያቂዎቹን በድሬ ሰፈራቸው ስም እጠራለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ልጁ ከማየቱ በፊት እናንተ እዩት። ይህን ዛሬ ደጋግማችሁ ትሰሙታላችሁ።

ከሳቢያን፦ ጋሼ፣ ጥሩ የቤተሰብ ፊልም ይጠቁሙን።

መልስ፦ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ቤት ውስጥ የሚወራው በምን ቋንቋ ነው? ይህን ሳላውቅ ምን ልበል?

ከከዚራ፦ ካርቱን ከሆነ ሳላየው ብወስድ ችግር አለው? ሱቁ ፍላሹን ሞልቶ ነው የሚሰጠኝ።

መልስ፦ አለው እንጂ! ካርቱን ማለት የልጅ ፊልም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 (ዛሬ ለፊልም የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ጃፓን ውስጥ ስቱዲዮ ጂብሊ ሁለት ካርቱን በአንድ ቀን፣ አንድ ላይ ለሲኒማ አወጣ። አንደኛው "ማይ ኔበር ቶቶሮ" ነው። ሁለት እህትማማቾች ገጠር ሄደው ጫካ ውስጥ ትልቅ፣ ለስላሳ፣ ደግ ፍጡር ያገኛሉ። ሁለተኛው "ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ" ነው። ወንድምና እህት በጦርነቱ ጊዜ እናታቸው በቦምብ ትሞትባቸዋለች፣ እነሱም በረሃብ ያልቃሉ። ታላቅ ፊልም ነው፣ ለአዋቂ። የ5 ዓመት ልጅ ፊት ግን አይከፈትም። ሱቅ ውስጥ ሁለቱም "የጃፓን ካርቱን" በሚል አንድ ፎልደር ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ። የሚጭንልህ ልጅ ስሙን እንጂ ውስጡን አያውቅም። እናንተ እዩት።

ከገንደ ቆሬ፦ ፊልሙ ላይ "ፒጂ" ይላል፣ ለቤተሰብ ነው ብዬ ከልጆቹ ጋር ቁጭ አልን። ሻርክ ሰው ሲበላ አየን! ይሄ እንዴት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ። ያየኸው "ጆውስ" ይመስለኛል፣ የ1975 ፊልም። አሜሪካኖች ፊልምን በፊደል መመደብ የጀመሩት በ1968 ነው። በሰባዎቹ ዓመታት ጂ ለሁሉም ነበር፣ ፒጂ ወላጅ አመዛዝኖ ይወስን ማለት ነበር፣ አር ላይ ደግሞ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አዋቂ ሳይኖር አይገባም። በፒጂና በአር መሃል ምንም የለም። እና ለአር የማይበቃ ነገር ሁሉ ፒጂ ላይ ይጣል ነበር። ጆውስም እዚያው ወደቀ። በ1984 የኢንዲያና ጆንስ ሁለተኛው ፊልም ወጣ። አንድ ሰው በባዶ እጁ የሌላውን ልብ ከደረቱ ሲያወጣ ይታያል። ያም ፒጂ ነው! ወላጆች ጮሁ። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ራሱ መሃል ላይ አንድ ደረጃ ይጨመር አለ። ፒጂ-13 የመጣው በዚያው ዓመት ነው።

እና ከ1984 በፊት የወጣ ፊልም ላይ ፒጂ ስታይ ዝም ብለህ አትመን። አዲሱንም ቢሆን ፊደሉን የለጠፉት አሜሪካኖች ናቸው። ለስድብና ለራቁት ገላ ይጠነቀቃሉ፣ ለተኩስ ግን እጃቸው ይላላል። ፊደሉ የመጀመሪያ ወንፊት ይሁንህ፣ ከዚያ በኋላ ራስህ እየው።

ከታይዋን ሰፈር፦ እኛ ቤት ሪሞቱ ከእጄ አይወጣም። መሳሳም ሲመጣ አሳልፈዋለሁ፣ አለቀ።

ከቀፊራ፦ አቦ፣ ሰው ሲገደል ግን አታሳልፍም! የወንድሜ ልጅ እንጨት ይዞ ከጓዳ ሳሎን የሚተኩሰው ከመሳሳም ተምሮ ነው?

ከታይዋን ሰፈር፦ ተኩሱ ውሸት መሆኑን ልጅ ያውቃል። ነውር ግን ሌላ ነው። አያት ተቀምጠው እንዴት ይታያል?

ከቀፊራ፦ ልጁ ሌሊት ባንኖ የሚነሳው በየትኛው ነው? እሱን ንገረኝ።

ከመጋላ፦ ለዚህ እኮ ነው የህንድ ፊልም የሚሻለው። መሳሳም የለ፣ ዘፈን አለ፣ እናትና አባት ይከበራሉ። እኛ በእሱ አይደል ያደግነው?

ከቀፊራ፦ አንድ ሰው ሃያ ሰው ሲደበድብ ነው ያደግነው።

ከመጋላ፦ እሱማ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው አቦ!

መልስ፦ በቃ። ሁላችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። ሪሞት ይዞ መቀመጥ ልጁን "እዚህ ጋ ምን አለ?" ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። ቀድማችሁ ብታዩት ኖሮ ሪሞቱ ባላስፈለገ። የህንድ ፊልም ሁሉ ንጹሕ ነው መባሉም አይዋጥልኝም። "ስሪ ኢዲየትስ" ላይ ራሱን የሰቀለ ተማሪ አለ፤ ለትልልቅ ልጆች ከወላጅ ጋር እሺ፣ ለትንንሾች አይሆንም። ከህንድ ከሆነ "ታሬ ዛሚን ፓር"ን ያዙ፣ የ2007 ነው። ፊደል የሚዘበራረቅበት የ8 ዓመት ልጅ አለ፣ ሰነፍ ነው እየተባለ ይቀጣል፣ በኋላ አንድ የሥዕል አስተማሪ ችግሩን ይረዳለታል። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ስለሆነ ለሁለት ቀን ክፈሉት። ትምህርት ያስቸገረው ልጅ ያላችሁ፣ ከልጁ በፊት ለአባትየው አሳዩት።

ከአሸዋ ሰፈር፦ በነፃ የሚወርድበትን ሳይት ይንገሩን።

መልስ፦ ይህን አልመልስም። ቀጥሉ።

ከለገሀሬ፦ ጋሼ፣ እናቴ የምትሰማው ኦሮምኛና ሶማልኛ ነው። እኔ አማርኛ፣ ልጆቹ ደግሞ ከትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይዘው ይመጣሉ። አንድ ፊልም ሁላችንም አብረን የምናይበት መንገድ አለ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር የዋልኩት። ንግግር የሌለበት ፊልም ያዢ። ድሬ ውስጥ በአንድ ግቢ ስንት ቋንቋ እንደሚወራ እናውቃለን። ታዲያ ለምን አያት ጥግ ይዛ "ምን አለ? ምን አለ?" እያለች ትቀመጣለች?

ከቻርሊ ቻፕሊን "ዘ ኪድ" ጀምሪ። የ1921 ነው፣ መቶ ዓመት አልፎታል። ቻፕሊን ተጥሎ ያገኘውን ልጅ ያሳድጋል። ልጁ ድንጋይ ወርውሮ የሰው መስኮት ይሰብርና ይሮጣል። ትንሽ ቆይቶ ቻፕሊን ጀርባው ላይ መስታወት አዝሎ ድንገት ያለፈ መስሎ ብቅ ይላል፣ ሴትየዋም ጠርታ ታሠራዋለች። ልጁ ለሁለተኛ ቤት ድንጋዩን ይዞ እጁን ወደ ኋላ ሲስብ፣ እጁ ከኋላው የቆመ ፖሊስን ይነካል። ዞር ብሎ ያየዋል፣ ድንጋዩን ወደ ላይ እየወረወረ እየቀለበ የሚጫወት ይመስላል። በዚህ ለመሳቅ ምን ቋንቋ ያስፈልጋል? አልፎ አልፎ ጽሑፍ ይመጣል፣ እሱን አንዱ ልጅ ጮክ ብሎ ይተርጉም። ልጁን ከቻፕሊን ሊነጥቁት ሲመጡ ግን ትንንሾቹ ያለቅሳሉ፣ አጠገባቸው ሁኚ።

ለትንንሾቹ "ዘ ሬድ ባሉን" አለ፣ የፈረንሳይ ፊልም፣ የ1956፣ 34 ደቂቃ ብቻ። አንድ ቀይ ፊኛ አንድ ልጅን በፓሪስ ጎዳና ሁሉ ይከተለዋል። ንግግሩ ከቁጥር አይገባም። "ሾን ዘ ሺፕ" የተባለው የበጎች ፊልም የ2015 ነው፣ እዚያም አንድ የሚሰማ ቃል የለም፣ ከብት ያረባ ሰው ሁሉ ይስቅበታል።

የቅርብ ጊዜው "ፍሎው" ነው። የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ የሠራው፣ 2024 ላይ የወጣ። ብሌንደር በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ተሠርቶ የአኒሜሽን ኦስካሩን ወሰደ። አንዲት ድመት ከሌሎች እንስሳት ጋር በጀልባ ትጓዛለች፣ ሰው የለ፣ ንግግር የለ። ነገር ግን ታሪኩ ጎርፍ ነው። ውሃው ቤቱን ሲውጥ፣ ድመቷ ወደ ከፍታ ስትሸሽ ይታያል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ሰው የወሰደበት ቤተሰብ ድሬ ውስጥ ብዙ ነው። ለልጁ ምንም ላይመስለው ይችላል፣ ለእናትሽ ግን ሌላ ነው። አንቺ ቀድመሽ እዪው ያልኩት ለልጆቹ ብቻ አይደለም።

ከነምበር ዋን፦ 32 ጂቢ ፍላሽ ባዶ ሆኖ አንዱን ፊልም አልቀበልም ይለኛል።

መልስ፦ የሚያውቅ ይመልስለት።

ከሳቢያን፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ፦ ፍላሽህ ፋት32 በሚባለው አሮጌ የፋይል አቀማመጥ ሆኖ ነው። አንድ ፋይል ከ4 ጂቢ ከበለጠ አይወስድም። ውስጡ የቀረ ነገር ካለ ሌላ ቦታ ገልብጥና ኤክስፋት በሚባለው በአዲሱ ፎርማት አድርገው። ቲቪህ አሮጌ ከሆነ ኤክስፋትን ላያነብ ስለሚችል፣ ያኔ አነስ ያለውን የፊልሙን ቅጂ ያዝ። ድምፅ እየተሰማ ምስል ከሌለ ደግሞ ፊልሙ ቲቪህ በማያነበው በአዲሱ የቪዲዮ ማመቂያ በኤች265 የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ በቀድሞው በኤች264 የተሠራውን ጠይቅ።

መልስ፦ እደግ ልጄ። እኔ የምጨምረው ስለ ሙቀቱ ነው። ሀርድ ዲስኩን ሪሲቨር ላይ አትደርቡት፣ ሪሲቨሩ ራሱ ይግላል፣ የድሬ ሙቀት ሲጨመርበት አይሆንም። እየገለበጣችሁ መብራት ከሄደም ያ ፊልም ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። የምትወዱትን ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ከመጋላ፦ የሀገራችን ፊልምስ? ሁሉም ፍቅር ብቻ ሆነብን።

መልስ፦ ለትንንሾቹ "ፀሐይ መማር ትወዳለች"ን ፈልጉ። ከፍ ላሉት "ላምብ" አለ፣ የያሬድ ዘለቀ፣ በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ የታየ። እናቱን ያጣ ልጅ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ይሄዳል፣ ቹኒ የምትባል በጉን ለበዓል ሊያርዱበት ነው። ልጆቻችሁ በበዓል ዋዜማ ከበግ ጋር ሲጫወቱ የሚውሉ ከሆነ ሳምንቱን መርጣችሁ አሳዩ። ከአፍሪካ "ዘ ቦይ ሁ ሃርነስድ ዘ ዊንድ"ንም ያዙ፣ የማላዊው ልጅ ከቁርጥራጭ ብረት የነፋስ ኃይል ማመንጫ የሠራበት እውነተኛ ታሪክ ነው። ረሃብ ስለሚታይበት ከ10 ዓመት በላይ እላለሁ።

ከገንደ ቆሬ፦ ስንት ፊልም ቢኖረን ይበቃል?

መልስ፦ ጥቂት። ልጅ የወደደውን መቶ ጊዜ ነው የሚያየው።

ከአሸዋ ሰፈር፦ ጋሼ፣ ጥሩ የቤተሰብ ፊልም ቢጠቁሙን።

መልስ፦ ይኸው ጥያቄ ጠዋትም መጥቶ ነበር! ዕድሜ ጻፉ፣ ቋንቋ ጻፉ፣ ልጁ የሚፈራውን ጻፉ።

ከአሸዋ ሰፈር፦ ይቅርታ ጋሼ። ሴት ልጅ ናት፣ 6 ዓመቷ። አማርኛ ብቻ። ጨለማና ውሻ ትፈራለች። እኔ ከወሊድ በኋላ ታምሜ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ።

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ለሌላ ልጅ ቢሆን ቶቶሮን እል ነበር፣ 86 ደቂቃ ነው፣ ክፉ ሰው የሚባል የለበትም። ግን የልጆቹ እናት ሆስፒታል ተኝታለች፣ መጨረሻው ላይም ትንሿ እናቴ ጋ እሄዳለሁ ብላ ትጠፋለች። በደህና ያልቃል። አንቺ ዛሬ ማታ እሷ ከተኛች በኋላ እዪው። ለማየት የምትችል ከመሰለሽ ነገ በቀን ብርሃን፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ አቅፈሻት እየተረጎምሽላት እዩት። ካልመሰለሽ ለጊዜው ቀዩን ፊኛ አሳያት። ክፉዎቹ ልጆች ፊኛውን በድንጋይ ሲያፈነዱት ትከፋለች፣ ወዲያው ግን የከተማው ፊኛ ሁሉ ወደ ልጁ ይመጣል፣ ሳትዘጊው እስከዚያ ድረስ ታገሺ።

ዕድሜና ቋንቋ ያልጻፋችሁ የቀራችሁ፣ ጽፋችሁ መልሳችሁ ላኩልኝ።