ሜታሊካ የሰው ዘፈን የሚጫወተው ዘፈን አልቆበት ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ እኔ የሜታል ሙዚቃ (የከባድ ሮክ) አፍቃሪ ነኝ፣ ሰፈራችን ውስጥ ብቻዬን ሳልሆን አልቀርም ግን ይሁን። ሰሞኑን የአሜሪካውን ባንድ የሜታሊካን ጋራጅ ኢንክ የሚባል አልበም ስሰማ ጓደኛዬ «ይሄ እኮ ሙሉው የሰው ዘፈን ነው፣ ዘፈን ሲያልቅባቸው ነው» ምናምን ብሎ አበሸቀኝ። እውነቱን ነው? ባለቤቶቹስ ምንም አያገኙም?
ቢ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የሰው ዘፈን መሆኑ ልክ ነው፣ አልቆባቸው ነው የሚለው ግን አያስኬድም። አልበሙ በፈረንጆቹ 1998 ነው የወጣው፣ ከዛ በፊት በ1996 ሎድን በ1997 ሪሎድን የሚባሉ የራሳቸውን አልበሞች አከታትለው ለቀዋል፣ እንደውም አንዳንዱ አድናቂ በዝቶብናል ሲል ነበር። ደሞ ከቨር፣ ማለት የሌላ ሰው ዘፈን ድጋሚ መጫወት፣ ለነሱ የቆየ ነገር ነው። ድራመሩ ላርስ ኡልሪክ በ1981 ገና ጎረምሳ እያለ ዳይመንድ ሄድ የሚባለውን የእንግሊዝ ባንድ ፍለጋ ከአሜሪካ እንግሊዝ ድረስ ሄዷል፣ ሜታሊካ ሲጀመርም መድረክ ላይ በብዛት የሚጫወቱት የነዚሁን ሰዎች ዘፈን ነበር። ከዛ በ1986 ቤዝ ተጫዋቹ ክሊፍ በርተን ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ ሞተ፣ በሱ ቦታ ጄሰን ኒውስቴድ ገባና በ1987 አብረውት መጀመሪያ ያወጡት ነገር አምስት ከቨሮች ያሉበት አጭር ሪከርድ ሆነ፣ ሱቆች ዋጋ እንዳይቆልሉበት ብለው 5.98 ዶላር የሚለውን ርዕሱ ላይ ጻፉት (ይቺን በጣም ነው የምወድላቸው)። ያ ሪከርድ አሁን የጋራጅ ኢንክ ሁለተኛ ሲዲ ላይ አለልህ።

ብሩን በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ አንዴ ተቀድቶ የወጣን ዘፈን ሌላ ሰው ድጋሚ ለመጫወት ደራሲውን ደጅ መጥናት የለበትም፣ በሕግ የተቆረጠውን ከከፈለ በቃ። በ1998 ታሪፉ አምስት ደቂቃ ለማይሞላ ዘፈን በአንድ ኮፒ 7.1 ሳንቲም ነበር፣ ሚሊዮን ኮፒ ከተሸጠ አንዷ ዘፈን ብቻ 71 ሺህ ዶላር ታመጣለች ማለት ነው፣ ለደራሲውና ለአሳታሚው የሚከፋፈል። ስለዚህ ስማቸው ብዙም ያልወጣ ባንዶች ሜታሊካ ዘፈናቸውን ሲነካላቸው ደስታቸው ነው። ግጥሙን ወይ ዜማውን እንዳልነበረ አድርጎ መለወጥ ግን በዚህ አይሸፈንም፣ እሱ የግድ ፈቃድ ይፈልጋል።

ከአልበሙ በጣም የታወቀው ዊስኪ ኢን ዘ ጃር ደሞ የቆየ የአየርላንድ የሕዝብ ዘፈን ነው፣ ቲን ሊዚ የሚባሉት የአየርላንድ ባንድ በ1972 በሮክ አወጡት፣ ሜታሊካ ከነሱ ወስዶ በ2000 የግራሚ ሽልማት በላበት። እኔ ግን ከሱ ይልቅ የዳይመንድ ሄድን ዘፈን አም አይ ኢቭልን ነው የምመርጠው፣ እስኪ መጀመሪያ የዳይመንድ ሄድን የ1980ውን ስማና ከዛ የሜታሊካን የ1984ቱን፣ ጓደኛህንም አስቀምጠህ አሰማው።